ድሬዳዋ ላላችሁ፦ ኮምፒውተራችሁ ዝም ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ይሄ ልጅ ጋ ሂዱ

ድሬ ያላችሁ ሁሉ ይሄን አንብቡልኝ። ኮምፒውተራችሁ ስራ ላይ እያላችሁ ድርግም የሚልባችሁ፣ ሲፈልግ ተነስቶ ሲያሰኘው እምቢ የሚላችሁ ካላችሁ፣ ገንዘባችሁን ከመበተናችሁ በፊት ከዚራ ያለ አንድ ልጅ ጋ ሂዱ። ስሙን እዚህ እንዳልጽፍ ለምኖኛል፣ ስለዚህ አልጽፍም። ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። እንዲህ ያለ ሰው እያለ ሰው ለምን ይበላል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። የህንጻ ንድፍ የምትሰራበት ፕሮግራም ከባድ ነው፣ ተራ ላፕቶፕ አይችለውም። ተገጥሞ የሚሸጠው ደግሞ ዋጋው አይቀመስም። እሷም ዕቃውን ለየብቻ እየለቃቀመች ራሷ ገጠመችው። ማዘርቦርዱ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) እና ፕሮሰሰሩ ከአዲስ አበባ መጣ፣ ራሙን (ሚሞሪውን) አጎቷ ከዱባይ ሲመጣ ያዘላት፣ ኬዙን (የኮምፒውተሩን ሳጥን) ያገለገለ እዚሁ ታይዋን ገበያ አገኘች። የተነሳ ቀን እልል ነው ያልኩት። እውነቴን ነው፣ በህይወቴ እንደዛ የኮራሁበት ቀን ትንሽ ነው።

ከዚያ መከራው መጣ። አንዴ ሰማያዊ ስክሪን ይሆናል፣ አንዴ ድርቅ ብሎ ይቀራል፣ አንዴ ያለምንም ምልክት ይጠፋል። መልሳ ስታበራው ቬንትሌተሩ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር። ደግሞ ሌላ ቀን ምንም እንዳልተፈጠረ ይነሳል። ሁልጊዜ ቢበላሽ እኮ ተበላሽቷል ብለን እንተወው ነበር። ለአየሩ ሲባል ሌሊት ቁጭ ብላ ትሰራለች፣ ሊነጋ ሲል የሰራችው ሁሉ ውሃ ይበላዋል። ስታለቅስ ከሌላው ክፍል እሰማለሁ።

ሰው ሁሉ የየራሱን ነገረን። ሙቀት ነው አሉን፣ የድሬን ግንቦትና ሰኔ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ እኛም አመንን። የቤቱን ቬንትሌተር ኮምፒውተሩ ላይ አዙረን እኛ በላብ ተጠመቅን። መብራቱ ከፍ ዝቅ ስለሚል ነው አሉን፣ ስታብላይዘር ገዛን። ያው ነው።

ጥገና ቤቶቹን ስማቸውን አልጠራም። ግን የሆነውን እናገራለሁ። አንዱ ሳይጠይቀን ፎርማት አድርጎ ፋይሏን በሙሉ አጠፋው፣ «ቫይረስ ነበረው» አለ፣ ሂሳብ ተቀበለ፣ ቤት ሳንደርስ ያው ሆነ። ሌላው ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት «ማዘርቦርዱ ሞቷል» ብሎ ፈረደ፣ ቀጥሎ ደግሞ የሞተውን እገዛችኋለሁ አለ። የሞተ ነገር ምን ያደርግለታል? አንደኛው ጋ ደግሞ ሁለት ራም ገብቶ አንድ ራም ወጣ። ስንጠይቅ «ሲመጣም አንድ ነበር» አለን፣ ዓይናችንን እያየ። ፈጣሪ ይየው።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን ገንዘቡም ራሙም አይደለም። «ማነው የገጠመው?» ይላሉ። «እኔ ነኝ» ትላለች። ከዚያ በኋላ እሷን ማናገር ያቆማሉ። ወደ እኔ ዞረው «እትዬ፣ ይሄ የልጅ ጨዋታ አይደለም» ይሉኛል። ልጄ ደብተር ነበራት። ኮምፒውተሩ በጠፋ ቁጥር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ምን እየሰራች እንደነበር፣ ስክሪኑ ላይ ምን እንደተጻፈ ትመዘግባለች። ያንን ደብተር አንድ ሰው እንኳ እጁን ዘርግቶ አልተቀበላትም። በመጨረሻ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ማሳየት ተወች።

ይሄንን ልጅ የጠቆመችኝ የመስሪያ ቤት ጓደኛዬ ናት። ጠባብ ክፍል ነች፣ በሩ ላይ ማስታወቂያ የለም። ገብተን ስንቀመጥ ከአንዱ ደንበኛ ጋር በኦሮምኛ፣ ከሌላው ጋር በሶማሊኛ እያወራ ነበር፣ እኛ ጋ ሲደርስ በአማርኛ ቀጠለ። ኮምፒውተሩን አልነካውም። መጀመሪያ ልጄን ጠየቃት። መቼ መቼ ነው የሚጠፋው? ሲነሳ ነው ወይስ ስራ መሀል? ሲነሳ ጢጥ ጢጥ ይላል? ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል? እሷ ፈራ ተባ እያለች «ደብተር አለኝ» አለችው።

«አምጪው» አላት።

ተቀምጦ አነበበው። እኔ አይቼዋለሁ፣ ዝም ብሎ አላገላበጠም፣ ገጽ በገጽ ነው ያነበበው። ስልኩ ሲጠራ ዘጋው። ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ «አቦ ትንሽ ታገሰኝ» አለው። ከዚያ አንድ መስመር ላይ ጣቱን አሳርፎ «እዪ፣ እዚህ ጋ ‹አጸዳሁት› ብለሻል፣ እዚህ ጋ ‹ጠረጴዛ ቀየርን›፣ ከሁለቱም በኋላ ብሶበታል» አላት። እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ማንም አላስተዋለም። እንግዲህ እዚያው ደብተሩ ውስጥ ቁጭ ብሎ ነበር።

የቴክኒኩን ነገር እኔ አላውቀውም። እሷ እንደነገረችኝ፣ የሰዓቱን ክብ ባትሪ ቀየረ፣ ያቺ ባለ 3 ቮልቷን። ራሙን አውጥቶ እግሩን በላጲስ ፈተገው፣ ሌሊቱን ሙሉ በፕሮግራም ሲፈትሸው አደረ፣ ራሙ ደህና ነው። ከዚያ ማዘርቦርዱን ከኬዙ አውጥቶ ካርቶን ላይ ዘርግቶ አስነሳው። አልጠፋም። በነጋታውም አልጠፋም። ወደ ኬዙ ሲመልሰው ያን ቀን ማታውኑ ጠፋ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ጨርሶ ሂሳቡን ይጠራ ነበር። እሱ ደወለልን። «እህቴ ራሷ ትምጣ፣ ራሷ ትክፈተው» አለኝ። ስንደርስ ካቻቢቴውን ለእሷ ሰጣት። ብሎኖቹን እየፈታች በቆርቆሮ ክዳን ላይ በተራ ትደረድራለች፣ እሱ የስልኩን መብራት ይዞላታል። ቦርዱ ሲወጣ ምንም አላለም። መብራቱን ኬዙ ውስጥ አበራና ጠበቃት። እሷ ጎንበስ ብላ አየች፣ አየች፣ ከዚያ «ይቺ ምንድናት?» አለች። ቦርዱ ቀዳዳ የሌለበት ቦታ ላይ አንዲት አጭር ቢጫ ብሎን ቆማለች። ቦርዱን ገልብጣ ስታየው ልክ በዚያ በኩል የተፋቀ ቦታ አለ፣ ያብለጨልጫል።

ብሎኗ የቦርዱን ጀርባ ስትነካው ኤሌክትሪኩ መስመሩን ይስታል አሉኝ። አንዳንዴ ትነካለች፣ አንዳንዴ አትነካም። ለዚህ ነው ሲፈልግ የሚሰራው። ያ ሁሉ ጥገና ቤት ቦርዱን አውጥቶ ከስሩ ያየ አንድ ሰው አልነበረም ማለት ነው!

ልጄ ፊቷ ልውጥ አለ። እኔ ነኝ ያበላሸሁት ልትል እንደሆነ ገባኝ፣ እሱም ገብቶታል። ቶሎ ብሎ «ኬዙ ያገለገለ ነው አይደል? ይቺ ከድሮው ቦርድ የቀረች ናት። አንቺ የገጠምሽው አንድም የተሳሳተ የለም፣ ገመዱን ራሱ ያሰርሽው ከብዙ ባለሙያ ይሻላል» አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ያንኑ ደገመው፣ እኔም እንድሰማ። ወንድሜ፣ ይሄን ያልክላትን ቀን አልረሳልህም። ኮምፒውተሩን ብቻ አይደለም ያዳንክልኝ።

አባቴ እዚሁ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ነው የኖረው። ድሬ ራሷ ሀዲዱ ከጅቡቲ ደርሶ በ1902 እ.ኤ.አ. የተቆረቆረች ከተማ ናት፣ የባለሙያ እጅ እዚህ ጠፍቶ አያውቅም። አባቴም ብሎን ሲፈታ እንደዚያው በተራ ይደረድር ነበር፣ ልጅ ሆኜ ምሳ ሳደርስለት አጠገቡ አስቀምጦ የያዘውን ሁሉ ስሙን ይነግረኛል። ልጄ አያቷን አልደረሰችበትም። ያን ቀን ክዳኑ ላይ ስትደረድር ሳይ ሆዴ ባባ።

ሂሳቡን ስሰማ አፈርኩ። የባትሪዋን ዋጋና ትንሽ የእጅ ነው ያለኝ። ጨምሬ ስሰጠው መለሰልኝ። «እሷ ናት ያገኘችው» አለ።

አሁን ኮምፒውተሩ ይሰራል። ሌሊቱን ሙሉ ይሰራል። ፕሮጀክቷን አስረክባለች። ልጁ የሚታመን ልጅ ነው፣ እጁም ንጹህ፣ አፉም ንጹህ፣ ሴት ልጆቻችሁን ያለ ስጋት ላኳቸው።

ቦታውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ሁላችሁንም እመልሳለሁ። ስትሄዱ የኤሌክትሪክ ገመዱን አትርሱ፣ መቼ መቼ እንደሚጠፋም ጽፋችሁ ያዙ፣ እሱ ያነባል። በባጃጅ ከወሰዳችሁት በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ ጭናችሁ ላይ ያዙት፣ የሳቢያን መንገድ ያናውጣል። ቀትር ላይ ይዘጋል፣ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ግን እስከ ማታ አለ። አርብ የሚከፍተው ከጁምዓ ሰላት በኋላ ነው።