ረቂቃችሁን «ማጣቀሻ እናስተካክላለን» ለሚሉ ሰዎች ከመስጠታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ይህን የምጽፈው የጆርናሉ የውድቅ ደብዳቤ ከደረሰኝ ሦስት ቀን ሳይሞላ ነው፤ ንዴቴም ገና አልበረደም። ለጆርናል የሚላክ ረቂቅ በእጁ ያለ ሰው ሁሉ እነዚህን ድርጅቶች ያውቃቸዋል። «ማጣቀሻዎችዎን በጆርናሉ ስልት እናዘጋጃለን፣ እያንዳንዱን ከምንጩ ጋር እናመሳክራለን፣ በ48 ሰዓት ውስጥ እናስረክባለን» ይላሉ። ክፍያው ቅድሚያ ነው፤ ፋይሉ በሰዓቱ ይመጣል፤ ከዚያም «ተቀብያለሁ፣ አጽድቄያለሁ» የሚለውን ቁልፍ ያስጫኑንና ይሰናበቱናል።

ጽሑፌ መጀመሪያ የተሰናዳው በኤፒኤ (የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር የማጣቀሻ አጻጻፍ) ሰባተኛ እትም ስልት ነበር። መጀመሪያ የላክንለት ጆርናል ሳይቀበለው ሲቀር ቫንኩቨር የሚባለውን፣ በሕክምና ጆርናሎች የተለመደውን ስልት ወደሚጠይቅ ሌላ ጆርናል ልንልከው ወሰንን። የሁለቱን ልዩነት የደከመበት ያውቀዋል፦ በኤፒኤ በጽሑፉ ውስጥ ስምና ዓመት ይጠቀሳል፣ ዝርዝሩም በደራሲዎቹ ስም የፊደል ተራ ይደረደራል፤ በቫንኩቨር ግን እያንዳንዱ ማጣቀሻ ቁጥሩን የሚያገኘው በጽሑፉ ውስጥ መጀመሪያ በተጠቀሰበት ቅደም ተከተል ነው። ኤፒኤ እስከ 20 ደራሲ ድረስ በስም ሲያዘረዝር፣ ቫንኩቨርን የሚከተሉ ብዙ ጆርናሎች ስድስቱን ጠርተው «እና ሌሎች» ይላሉ። ከ58 ማጣቀሻዎቼ 49ኙ ዞቴሮ በሚባለው ማጣቀሻ ማደራጃ ፕሮግራም ተመዝግበው ነበርና ለእነሱ ስልቱን መለወጥ ከዝርዝሩ ውስጥ ሌላ ስልት ከመምረጥ ያለፈ ሥራ አልነበረውም። የቀሩት ዘጠኙ ባልደረባዬ በእጁ የተየባቸው ስለነበሩ የአንዳንዱ ገጽ፣ የአንዳንዱ ዲኦአይ (ጽሑፉን በኢንተርኔት የሚከፍተው ቋሚ መለያ) ይጎድል ነበር። እነሱን ፈልጎ ማሟላት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ያንን አንድ ከሰዓት ሰስቼ የሁለት ዓመት ድካማችንን ለማላውቃቸው ሰዎች አሳልፌ መስጠቴን ሳስብ እስካሁን እንቅልፍ አይወስደኝም።

ፋይሉ በተባለው ሰዓት ደረሰ። ሲታይ ያማረ ነበር፤ ነጥቡ፣ ነጠላ ሰረዙ፣ የጆርናሎቹ አሕጽሮተ ስም ሁሉ በቦታው ተቀምጧል። ዘጠኙ ጎዶሎዎችም ሞልተው መጡ። ሞልተው በማየቴ ደስ አለኝ እንጂ «ከየት አመጡት?» ብዬ አልጠየቅሁም። አንድም ዲኦአይ ሳልከፍት አጸደቅሁት፣ ለጆርናሉም ላክሁት።

የአርታኢው ደብዳቤ አጭር ነበር። በቁጥር 17፣ 31 እና 44 የተጠቀሱትን ጽሑፎች ሊያገኟቸው እንዳልቻሉ፣ ስለዚህም ረቂቁ ወደ ገምጋሚዎች እንደማይላክ ይገልጻል። መጀመሪያ አላመንኩም፤ ስህተቱ የእነሱ ይሆናል ብዬ የ31ን ዲኦአይ ገልብጬ ከፈትሁት። እንዲህ ያለ ዲኦአይ የለም የሚል ገጽ መጣ። 17ን ከፈትሁ። የእኔ ጥናት ስለ ደም ግፊት ነው፤ የተከፈተልኝ ግን ስለ ኮንክሪት ጥንካሬ የሚያትት ጽሑፍ ነበር። እስከዚህ ድረስ ራሴን ለማጽናናት ሞከርሁ፤ ሁለቱ ከዘጠኙ ጎዶሎዎች ውስጥ ነበሩና «ሲያሟሉ ተሳስተው ይሆናል» አልኩ። 44 ላይ ስደርስ ግን እጄ ተንቀጠቀጠ። ይህ ደጋግሜ ያነበብሁት፣ መላምቴን የመሠረትሁበት፣ በዞቴሮ ውስጥም አንድ ነገር ሳይጎድለው ያስቀመጥሁት ጽሑፍ ነው። በላክሁላቸው ፋይል ላይ ዓመቱ 2009 ነበር፤ በመለሱልኝ ላይ 2014 ሆኗል። ርዕሱ በሌሎች ቃላት ተጽፏል። ከሁለቱ ደራሲዎች መካከልም በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቅ ሦስተኛ ስም ገብቷል። ሁለቱን ፋይሎች ጎን ለጎን አድርጌ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ አየኋቸው። ምንጭ ከፍቶ ያመሳከረ ሰው ትክክለኛውን እንዲህ አድርጎ ሊያበላሽ አይችልም። ዝርዝሬን ጽሑፍ ለሚያመነጭ ፕሮግራም ሰጥተው የወጣውን ሳያነቡ እንደላኩልኝ አልጠራጠርም፤ እንዲህ ያለው ፕሮግራም የጎደለውን በሚመስል ነገር ይሞላል፣ ያልጎደለውንም እንደ አዲስ ይጽፈዋል።

በዚያው ምሽት አማካሪዬ ደወሉልኝ፤ የእሳቸውም ስም በጽሑፉ ላይ ስላለ ደብዳቤው በግልባጭ ደርሷቸዋል። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እነዚህን ጽሑፎች አንብበሻቸዋል?» 44ን አንብቤዋለሁ ብዬ ለመመለስ አፌን ስከፍት፣ እዚያ የተጻፈው ጽሑፍ በዓለም ላይ እንደሌለ ትዝ አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ለድርጅቱ ሦስቱን ማጣቀሻዎች ከማስረጃ ጋር ጻፍሁላቸው። ከመክፈሌ በፊት ማዕረጉ ሳይኖረኝ «ዶክተር» እያሉ ይጠሩኝ የነበሩት ሰዎች አሁን «ውድ ደንበኛ» ብለው ጀመሩ። «የመጨረሻውን ፋይል አይተው አጽድቀዋል። የማጣቀሻዎች ትክክለኛነት የደራሲው ኃላፊነት መሆኑን እንደ ተመራማሪ ያውቁታል ብለን እናምናለን» አሉኝ። አዎን፣ አውቃለሁ፤ በየጆርናሉ መመሪያ የተጻፈ ነው። እነሱም «እያንዳንዱን ከምንጩ ጋር እናመሳክራለን» ብለው ገንዘቤን ሲቀበሉ ያውቁት ነበር። ገንዘቤ እንዲመለስ ስጠይቅ «በተጨማሪ ክፍያ ዝርዝሩን እንደገና ልናይልዎት እንችላለን» የሚል መልስ ሰጡኝ። ከዚያ በኋላ የጻፍሁትን አልመለሱም።

ጉዳቱ በዚህ አላበቃም። በጽሑፉ ውስጥ የነበሩትን ማጣቀሻዎች ከዞቴሮ ጋር የሚያያይዘውን ኮድ ሁሉ አጥፍተው ቁጥሮቹን ተራ ጽሑፍ አድርገዋቸዋል። አንድ ማጣቀሻ ብሰርዝ ከሱ በኋላ ያሉት ቁጥሮች ራሳቸውን አያስተካክሉም። ከላክሁላቸው በኋላ በረቂቁ ላይ ብዙ ስለሠራሁበት ወደ ቀድሞው ፋይል ተመልሼ ልጀምር አልችልም፤ እያንዳንዱን ቁጥር በእጄ እያነሳሁ እንደገና ማያያዝ አለብኝ።

ለሰው መስጠት የግድ ከሆነባችሁ ኮዱ ሳይነካ እንዲመለስ በጽሑፍ አስፈርሙ፤ የመለሱላችሁን ከመላካችሁ በፊትም እያንዳንዱን ዲኦአይ በእጃችሁ ክፈቱ። ዲኦአይ የሌለውን በክሮስሬፍ (የዲኦአይ መዝገብ) ወይም በፐብሜድ (የሕክምና ጽሑፎች መፈለጊያ) በርዕሱ ፈልጉ፤ ሁለቱም ያለ ክፍያ ይሠራሉ። ደግሞም የጆርናሉን መመሪያ አንብቡ፤ ረቂቁ መጀመሪያ ሲላክ አጻጻፉ ወጥ እስከሆነ ድረስ ማንኛውንም ስልት የሚቀበሉ ጆርናሎች ጥቂት አይደሉም። ይህን ቀድሜ አንብቤ ቢሆን የእኔም ጆርናል ከእነሱ አንዱ እንደነበር አውቅ ነበር።

ዛሬ ማታ ከ58ቱ 40ኛው ላይ ደርሻለሁ። አርታኢው ካገኟቸው ሦስቱ ሌላ አራት አግኝቻለሁ፤ ሦስቱ እኔ ሙሉ አድርጌ የሰጠኋቸው ናቸው።