ለቤት ሠራሽ የአርኬድ ሳጥን የትኛው ትንሽ ማዘርቦርድ ይሻላል?

ለአርኬድ ሳጥን (የድሮ ቪዲዮ ጌም በጆይስቲክና በቁልፍ የሚጫወቱበት ካቢኔ) ማዘርቦርድ ሲመረጥ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው የፕሮሰሰሩ ፍጥነት ላይ ነው። ከዚያ በፊት ግን ሁለት ነገር ይወስኑ፤ ስክሪኑ ምን ዓይነት ነው? ሳጥኑስ የሚጠፋው እንዴት ነው? ምርጫው በሦስት መካከል ነው፦ ራስፕቤሪ ፓይ (አንድ ቦርድ ላይ ያለቀ ትንሽ ኮምፒውተር)፣ ኢንቴል ኤን100 የሚባል ፕሮሰሰር ተበይዶበት የሚመጣ ሚኒ አይቲኤክስ (ትንሽ የማዘርቦርድ መጠን)፣ እና ፕሮሰሰሩ ለብቻ ተገዝቶ ሶኬቱ ላይ የሚገጠምበት ሚኒ አይቲኤክስ።

ራስፕቤሪ ፓይ

ፓይ 4 መጠኑ 85 በ56 ሚሊ ሜትር ነው፤ 5 ቮልት 3 አምፔር ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. የ1980ዎቹንና የ1990ዎቹን መጀመሪያ ቱዲ ጌሞች በደንብ ያጫውታል። ትልቁ ጥቅሙ ጂፒአይኦ የሚባሉት፣ ቁልፍ በቀጥታ የሚታሰርባቸው ፒኖቹ ናቸው። አንድ ተጫዋች ለጆይስቲኩ 4፣ ለቁልፎቹ 6፣ ለስታርትና ለሳንቲም 2፣ በድምሩ 12 መስመር ይፈልጋል። ለሁለት ተጫዋች 24 ይሆናል፤ ፓይ ያለው 26 ስለሆነ የዩኤስቢ ኢንኮደር (ቁልፎቹን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ሰሌዳ) ሳይገዛ ይዳረሳል። ሆኖም ለድሮ ሲአርቲ (ባለ ቱቦ) ስክሪን የአርጂቢ አስማሚ (የምስል ሲግናል የሚሰጥ ሰሌዳ) ከተሰካበት አብዛኞቹን ፒኖች አስማሚው ይወስዳቸዋል፤ ያኔ ኢንኮደር የግድ ነው። ፒኖቹ የሚችሉት 3.3 ቮልት ብቻ ነው። መብራት ያለው ቁልፍ ሲገጠም የ5 ቮልቱ ሽቦ ተሳስቶ ፒን ላይ ከገባ ቦርዱ ሊቃጠል ይችላል።

ፓይ መብራት ሲያገኝ ራሱ ይነሳል፤ ችግሩ ማጥፋቱ ላይ ነው። ሜሞሪ ካርዱ ላይ እየተጻፈ ኃይል ከተቋረጠ ፋይሎቹ ሊበላሹ፣ በማግስቱም ሳጥኑ ላይነሳ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከቀሩት ሁለት መስመሮች አንዱን ይጠቀሙ። 5ኛውና 6ኛው ፒን መካከል አንድ ቁልፍ ይግጠሙ፣ ኮንፊግ ፋይሉ (የፓይ ቅንብር የተጻፈበት ፋይል) ላይ የጂፒአይኦ ሻትዳውንን የጽሑፍ መስመር ይጨምሩ። ፓይ 4 በዚሁ ቁልፍ ተዘግቶ በዚሁ ይነሳል።

ፓይ 5 ፈጣን ነው፤ ግን በሙሉ አቅሙ እንዲሠራ 5 ቮልት 5 አምፔር ይፈልጋል፣ የ3.5 ሚሊ ሜትር የድምፅ መሰኪያም የለውም። ጂፒአይኦው በሌላ ቺፕ በኩል ስለሚያልፍ ለቀድሞዎቹ የተጻፉ አንዳንድ የጆይስቲክ ድራይቨሮች አይሠሩበትም።

ኤን100 ያለው ሚኒ አይቲኤክስ

ስክሪንዎ ኤልሲዲ ከሆነና ከፓይ 4 አቅም ያለፉ ጌሞችንም ከፈለጉ የእኛ ምርጫ ይኸኛው ነው። ቦርዱ 17 በ17 ሳንቲ ሜትር ነው። እንደ አዝሮክ ኤን100ዲሲ-አይቲኤክስ ያሉት ያለ ማራገቢያ፣ በ19 ቮልት የላፕቶፕ ዓይነት የኃይል አስማሚ (ቻርጀር) ይሠራሉ፤ ትልቅ ፓወር ሰፕላይ ሳጥኑ ውስጥ አይገባም። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈት የቦርዱ ቅንብር) ውስጥ ገብተው መብራት ተቋርጦ ሲመለስ የሚሆነውን «ፓወር ኦን» ላይ ያድርጉት፤ ያኔ በሳጥኑ ዋና ማብሪያ ብቻ ይነሳል። ይህ ቅንብር እየጠፋ ካስቸገረ የቦርዱን ክብ ባትሪ ይለውጡ።

አምፕሊፋየሩ ከቦርዱ ጋር ኃይል ከተጋራ ስፒከሩ ጥዝዝ ይላል፤ ስክሪኑ ላይ ምስል በተንቀሳቀሰ ቁጥር ጥዝታውም ይለዋወጣል። ለአምፕሊፋየሩ የራሱን የኃይል አስማሚ ይስጡት፤ ጥዝታው ካልጠፋ የግራውንድ ሉፕ ማስወገጃ (በጋራ የግራውንድ ሽቦ የሚመጣን ጥዝታ የሚያስቀር ዕቃ) በድምፅ ገመዱ ላይ ይግባ።

ሶኬት ያለው

ግራፊክስ ካርድ ካላስፈለገ ይለፉት። የሚያስፈልገው ለከባድ ስሪዲ ጌም፣ ወይም አናሎግ መውጫ ባለው የድሮ ራዲዮን ግራፊክስ ካርድ 15 ኪሎኸርዝ (የድሮ አርኬድ ዓይነት) ሲአርቲ ለማንቀሳቀስ ነው። ማሜ (የአርኬድ ጌሞችን በኮምፒውተር የሚያስኬድ ፕሮግራም) በአመዛኙ በአንድ ኮር ፍጥነት ስለሚመካ ኮር ለማብዛት ገንዘብ አያውጡ። ሙቀቱ ግን ብዙ ነው፦ ከታች የአየር መግቢያ፣ ከላይ 120 ሚሊ ሜትር ማራገቢያ ያስፈልጋል።

ሁለቱም ሚኒ አይቲኤክሶች እንጨቱ ላይ በአራት የነሐስ ማቆሚያ ከፍ ብለው ይታሰሩ። የመጡበትን የብርማ ላስቲክ ከሥራቸው አያንጥፉ፤ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። እንጨቱ ከመቆረጡ በፊትም ቦርዱን ገመዶቹ ሁሉ እንደተሰኩ ይለኩት፤ የኤችዲኤምአይና የዩኤስቢ ጫፎች ከጠርዙ ወጣ ብለው ተጨማሪ ቦታ ይይዛሉ።