የጉዞ ኢንሹራንስ ለአዛውንትና ለታማሚ፦ ርካሹ ወይስ ነባር ህመምን የሚሸፍነው?

ዕድሜ ሲገፋ የጉዞ ኢንሹራንስ ይወደዳል። ሻንጣ ቢጠፋ ወጪው ትንሽ ነው፤ ከባዱ የሆስፒታል ሂሳብ ነው። ብዙ ድርጅቶች ዋጋውን 65፣ 70፣ 75 እያሉ በዕድሜ እርከን ያወጣሉ። ልደቱ የተቃረበ ሰው ዕድሜው የሚቆጠረው በገዛበት ቀን ይሁን በሚነሳበት ቀን ይጠይቅ።

ለእናት ለአባቱ ቲኬት የሚቆርጥ ሰው ሁለት ዓይነት ፖሊሲ (የኢንሹራንስ ውል) ይገጥመዋል።

ነባር ህመምን፣ ማለትም ከመግዛትዎ በፊት የነበረን ህመም፣ የማይሸፍነው ርካሽ ነው፤ የጤና ጥያቄውም ትንሽ ነው። እግር ቢሰበር፣ ምግብ ቢመርዝ ይከፍላል። ግን እናትዎ የልብ ታማሚ ከሆኑ የሚያሳስብዎት እግራቸው ነው ወይስ ልባቸው? አንዳንዱ ፖሊሲ ነባር ህመም በድንገት ሲብስ ብቻ ይሸፍናል። ያኔም የሚከፍለው ጣሪያ ዝቅ ሊል ይችላል።

ሁለተኛው ህመሙን ጠይቆ፣ ዋጋ ጨምሮ ይሸፍናል። ህመሙ መቼ ታወቀ? ምን መድኃኒት ይወስዳሉ? በቅርቡ ሆስፒታል ተኝተዋል? በተለይ መጠንቀቅ ያለብዎት የመድኃኒት ለውጥ ላይ ነው። አንዳንድ ፖሊሲዎች ከጉዞው በፊት ባሉት 90 ወይም 180 ቀናት ህመሙ የተረጋጋ እንዲሆን ይፈልጋሉ። ዶክተሩ ክኒኑን የቀነሰው ታማሚው ስለተሻለው ቢሆን እንኳ፣ በአንዳንዱ ፖሊሲ "አልተረጋጋም" ያሰኛል። ደግሞ ዋጋ እንዳይጨምር ብለው የደም ግፊቱን አይደብቁ። ካሳ ሲጠየቅ ድርጅቱ የህክምና ማስረጃ ያስቀርባል። የተደበቀ ነገር ከተገኘም ላይከፍል ይችላል።

እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ዋጋው ከከበደዎት በሌላ በኩል ይቀንሱ። ከራስ ኪስ የሚከፈለውን ድርሻ ከፍ ማድረግ አረቦኑን (ለኢንሹራንሱ የሚከፍሉትን ዋጋ) ያወርዳል። አሜሪካ ካልሄዱ አሜሪካን የማይጨምረውን ይግዙ፤ የዚያ አገር ህክምና ውድ ስለሆነ ዋጋውን ያንራል። የህክምናውን ጣሪያ ግን አይንኩ። ለሸንገን (የአውሮፓ አገሮች የጋራ) ቪዛ የሚጠየቀው ዝቅተኛው ሽፋን 30,000 ዩሮ ነው። ያ ቪዛ ያስገኛል እንጂ ለልብ ቀዶ ጥገናና ታማሚን በህክምና አውሮፕላን ለመመለስ ላይበቃ ይችላል።

የዓመት ፖሊሲ ብዙ ለሚመላለስ ያዋጣል። የዕድሜ ገደቡ ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ ጉዞ ፖሊሲ የጠበቀ ነው።

ከመክፈልዎ በፊት የህመሙን ስም ጠርተው "ይህ ይሸፈናል ወይ?" ብለው ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። ከገዙ በኋላ መድኃኒት ከተቀየረ ሳይነሱ ደውለው ያሳውቁ።