«አላደርገውም ብለህ ፈርም» ወይስ የደህንነት ዕቅድ?

አንድ ወጣት «መኖር ታክቶኛል» ሲል ቴራፒስቱም (የሥነ ልቦና ሕክምና ባለሙያው) ይደነግጣል። ሰው ነውና። ድሮ ብዙዎች ወረቀት ያወጡ ነበር፦ «ራሴን አላጠፋም» ብለህ ፈርም። ይህ ውል የታወቀው በ1973 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በታተመ ጽሑፍ ነው።

ግን ውሉ ሕይወት ለማዳኑ አስተማማኝ ማስረጃ የለም። ይባስ ብሎ የፈረመው ሰው ሐሳቡ ሲመለስበት «ቃሌን አፈረስኩ» ብሎ ያፍራል፣ ይደብቃል። እኔ እንደሚመስለኝ ውሉ የሚያረጋጋው ቴራፒስቱን ነው።

አሜሪካውያኑ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ባርባራ ስታንሊና ግሪጎሪ ብራውን ያዘጋጁት የደህንነት ዕቅድ ሌላ ነው። ጥያቄው «ሲብስብህ ምን ታደርጋለህ?» የሚል ነው። ከሁሉ በፊት ግን በግልጽ መጠየቅ አለበት፦ «ራስህን ስለማጥፋት እያሰብክ ነው?» መጠየቁ ሐሳቡን አይተክልበትም። ከዚያ ቁጭ ብለው አብረው ይጽፋሉ፣ በወጣቱ በራሱ አነጋገር። «ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ይጀምረኛል።» «ተነስቼ ፊቴን እታጠባለሁ። ካልቀለለኝ ጓደኛዬ ጋ እሄዳለሁ። ካልሆነ ለእህቴ ነግሬ እርዳታ እጠይቃታለሁ።» ቀጥሎ የባለሙያና የድንገተኛ እርዳታ ስልክ። በመጨረሻ ሊጎዳበት የሚችለው ነገር ከአጠገቡ እንዲርቅ ይስማማሉ። ይቺ በፍጹም መዘለል የለባትም። የከፋው ሰዓት ብዙ ጊዜ ያልፋል፤ እስኪያልፍ ድረስ ግን ርቀት ያስፈልጋል።

በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አሜሪካ ውስጥ ድንገተኛ ክፍል የመጡ የቀድሞ ወታደሮችን ተከታትሏል። ዕቅዱን ባገኙት ላይ ራስን የማጥፋት ባህሪ በ6 ወር ውስጥ ከሌሎቹ በ45 በመቶ ገደማ ያነሰ ነበር። ወረቀቱ ብቻውን አልነበረም። ቤት ከገቡ በኋላ ስልክ ደውሎ እንዴት እንደሆኑ የሚጠይቃቸው ሰው ነበራቸው።