ባለ መንታ ሲሊንደር አነስተኛ የእንፋሎት ፓምፕ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ለአነስተኛ ቦይለር ውሃ የሚመግብና ራሱም በዚያው ቦይለር እንፋሎት የሚሠራ መንታ ፓምፕ ከኪት (ጥሬ ክፍሎችና ሥዕሎች አንድ ላይ ከሚሸጡበት ስብስብ) ተነሥቼ በቤቴ ወርክሾፕ ከሠራሁት ወራት አልፈዋል። እንዲህ ያሉ ኪቶች ብዙውን ጊዜ የሚሞገሱት በታመቀ አየር ለመጀመሪያ ጊዜ በተንቀሳቀሱበት ዕለት ነው። በአየር መንቀሳቀስ ግን ስለ ፓምፕነቱ የሚናገረው ነገር ጥቂት ነው፤ ዕቃው የሚፈተነው በሦስት ባር ግፊት ላይ ያለ ቦይለር ውስጥ ውሃ በግድ ሲያስገባ፣ ይህንንም ከብዙ ጊዜ ሥራና ዕረፍት በኋላ ሲደግመው ነው። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ከአሠራሩ ይልቅ በአገልግሎት ላይ ስላሳየው ጠባይ ነው።

ኪቱ ከነሐስ ቀልጠው የፈሰሱ ጥሬ የሲሊንደር ብሎኮችን፣ የቫልቭ ሳጥኖችንና የውሃውን ክፍል አካል፣ ለዘንግ የሚሆን የማይዝግ ብረት፣ ብሎንና ዳዶ፣ እንዲሁም ሥዕሎችን ይዟል። አካሉ ነሐስ መሆኑ ዋጋ ያለው ነገር ነው፤ ዚንክ የሚበዛበት ናስ በሙቅ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ዚንኩ እየተሟጠጠ የሚቀረው ብረት በጥቃቅን ቀዳዳዎች ይሞላና ተሰባሪ ይሆናል። ቶርኖ፣ ትራፓኖና ደህና ሞርሳ ላለው ሰው ከአቅም በላይ የሆነ ክፍል አላገኘሁበትም። ጥንቃቄ የሚጠይቀው እንፋሎቱን ወደ ሲሊንደሩ የሚያስገባውና የሚያስወጣው ተንሸራታች ቫልቭ መቀመጫ ነው። መቀመጫውን በማርከር ካሰመሩ በኋላ በወፍራም መስተዋት ላይ በተዘረጋ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ላይ በስምንት ቁጥር ቅርጽ ማሸት፣ ከዚያም የትኛው መስመር እንደጠፋና የትኛው እንደቀረ ማየት ያስፈልጋል። መስመሮቹ ሁሉ እኩል መጥፋት ሲጀምሩ ገጹ ለጥ ብሏል ማለት ነው። ይህን ሥራ በትዕግሥት ያልጨረሰ ሰው በኋላ የሚያየውን የእንፋሎት ብክነት በምንም ማሸጊያ አያስቆመውም።

የፓምፑ አሠራር በራሱ የሚያረካ ነው። ቮላኖም (ከባድ መሽከርከሪያ ጎማ) ሆነ ክራንክ (የፒስተኑን ምልልስ ወደ ዙር የሚለውጥ ክንድ) የለውም፤ የእንፋሎቱ ፒስተንና የውሃው ፒስተን በአንድ ዘንግ ጫፍና ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሁለት እንዲህ ያሉ መስመሮች ጎን ለጎን ስለሚቆሙ የአንደኛው ዘንግ በክንድ አማካይነት የሌላኛውን ቫልቭ ያንቀሳቅሳል። አንዱ ምቱን፣ ማለትም ከጫፍ እስከ ጫፍ ጉዞውን፣ ሲጨርስ ሌላውን አስነሥቶ ስለሚያርፍ በየትኛውም ቦታ ላይ ቢቆም እንፋሎት ሲከፈትለት ያለ እጅ እርዳታ ይነሣል። በቀጥታ በእንፋሎት የሚሠራውን ፓምፕ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ያበጀው አሜሪካዊው ሄንሪ ወርዚንግተን ነበር፤ ያነሣሣውም የቦይ ጀልባዎች ችግር ነው። ጀልባው ከአንድ የውሃ ከፍታ ወደ ሌላው በሚሸጋገርበት የውሃ በር ላይ ሲቆም ሞተሩም ይቆማል፤ በሞተሩ የሚነዳው የቦይለር ውሃ መመገቢያም አብሮ ስለሚቆም ውሃውን በእጅ መግፋት ግድ ይሆን ነበር። በአነስተኛ ሞዴልም ላይ የፓምፑ ጥቅም ይኸው ነው፤ ዋናው ሞተር ቆሞም ቢሆን ቦይለሩ ውሃ ያገኛል።

የኪቱ ትልቁ ጉድለት ሥዕሉ ላይ ነው። ክንዱ የቫልቩን ዘንግ መግፋት ከመጀመሩ በፊት በዘንጉ ላይ ባለው ዳዶና በቫልቩ መካከል ባዶውን የሚሄደው ክፍተት የፓምፑን ምት የሚወስን ሆኖ ሳለ ልኩ በሥዕሉ ላይ አልተጻፈም። ክፍተቱ ሲጠብ ቫልቩ ቀድሞ ስለሚገለበጥ ፒስተኑ ምቱን ሳይጨርስ ይመለሳል፤ ከመጠን በላይ ሲሰፋ ደግሞ ፒስተኑ ሄዶ ክዳኑን ይመታል። በትላልቆቹ ፓምፖች እንፋሎት የሚገባበትና የሚወጣበት ቀዳዳ የተለያየ ስለሆነ ፒስተኑ ወደ ጫፍ ሲቃረብ የመውጫውን ቀዳዳ ይደፍንና የታፈነው እንፋሎት ምቱን ያለሰልሰዋል፤ በዚህ መጠን በተሠራ ሞዴል ላይ ሁለቱ አንድ ቀዳዳ ስለሚጋሩ ያንን ማብረጃ መጠበቅ አይቻልም። የሚያዋጣው መንገድ ሁለቱንም ፒስተኖች መሐል ላይ ማቆም፣ ቫልቮቹን በመቀመጫቸው መሐል ማድረግ፣ ክፍተቱን በዳዶው ግራና ቀኝ እኩል ማካፈልና ከጠባቡ ጀምሮ ጥቂት በጥቂት እያሰፉ መሞከር ነው። ከተስተካከለ በኋላ በወራቱ ሁሉ እንደገና መንካት አላስፈለገኝም።

የእንፋሎቱ ወገን ከጠበቅሁት በላይ ጠንክሯል። ፒስተኖቹን በግራፋይት ገመድ አሽጌአለሁ፤ የዘንጎቹ ማሸጊያ ከጊዜ ወደ ጊዜ ትንሽ መጥበቅ ከመፈለጉ በቀር ሌላ ነገር አልጠየቀም። በሦስት ባር የጌጅ ግፊት (ከከባቢ አየር ግፊት በላይ ያለው) የእንፋሎቱ ሙቀት ወደ 144 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚደርስ ከኪቱ ጋር የመጣውን ተራ የጎማ ኦሪንግ (ክብ የማሸጊያ ቀለበት) እዚህ ክፍል ላይ ማስገባት ተገቢ አይደለም፤ ለውሃው ወገን ግን ይበቃል። ዘይትን በተመለከተ ተራ የማሽን ዘይት በእርጥብና በሞቃት እንፋሎት ታጥቦ ስለሚሄድ ለእንፋሎት ሲሊንደር ተብሎ የሚዘጋጀውን ወፍራም ዘይት መጠቀም ይሻላል።

ችግር የሚያመነጨው የውሃው ወገን ነው። መንታ ፓምፕ በሁለቱም አቅጣጫ ስለሚሠራ አራት የመምጠጫና አራት የመግፊያ፣ በድምሩ ስምንት የኳስ ቫልቮች አሉት፤ ከነዚህ አንዷ ብቻ ብትታመም ሥራው ሁሉ ይበላሻል። በኪቱ ውስጥ የነበሩት ኳሶች ተራ ብረት ስለነበሩ ሳይቆዩ የዝገት ነጠብጣብ አወጡ። በማይዝግ ብረት ኳሶች ከለወጥኋቸውና እያንዳንዱን መቀመጫ በአሮጌ ኳስ ላይ አንድ ቀላል የመዶሻ ምት አሳርፌ ካተምሁት በኋላ ፍሳሹ ቆመ። የኳሱ ከፍታም ልክ ያስፈልገዋል፤ ኳሱ ከመቀመጫው ቀዳዳ ዲያሜትር ሩብ ያህል ከተነሣ ውሃው እንደ ልብ ያልፋል፣ ከዚያ በላይ መነሣቱ ግን አዘግይቶ እንዲዘጋ ከማድረግ ሌላ የሚጨምረው የለም።

ብልሽቱን ለማወቅ ፓምፑን መፍታት እንደማያስፈልግ የተረዳሁት እያደር ነው። አንዲት የመግፊያ ኳስ በቆሻሻ ተይዛ ሳትዘጋ ስትቀር ቦይለሩ ውስጥ የነበረው ግፊት ወደ ኋላ ይመጣና ፒስተኑን በአንዱ አቅጣጫ ያግዘዋል፤ በዚያ አቅጣጫ ይሮጣል፣ በሌላው ይጓተታል። ጤነኛ ፓምፕ አራቱን ምቶች በእኩል ልዩነት ያሰማል፤ እንደሚያነክስ በቅሎ ሲረግጥ ከተሰማ ጥፋቱ ከኳሶቹ በአንዷ ላይ ነው፣ የሮጠው አቅጣጫም የትኛዋ እንደሆነች ይጠቁማል። አራቱም ምቶች ከፈጠኑ ደግሞ ፓምፑ አየር ይዟል። በኳሶቹ ዙሪያ ያለው ባዶ ቦታ ሰፊ ስለሆነ የታፈነው አየር በቦይለሩ ግፊት እየተጨመቀ ተመልሶ ይነፋል እንጂ አይወጣም። ለዚህ መፍትሔ የሆነኝ ኪቱ ያላሰበው አነስተኛ የማስተንፈሻ ቧንቧ በመግፊያው መስመር ላይ መጨመር ነው፤ ውሃ ያለ አረፋ እስኪፈስ ከፍቶ ከዚያ መዝጋት ይበቃል። የሚመጠጠው ውሃ በጣም ከሞቀም በመምጠጫው ውስጥ ወደ እንፋሎት ስለሚለወጥ ታንከሩን ከፓምፑ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ይረዳል።

ለግፊቱ አቅም ማነስ የሚያሠጋ አይደለም። የእንፋሎቱ ፒስተን 20፣ የውሃው 12 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር አለው፤ የስፋታቸው ሬሾ ወደ 2.8 ስለሚጠጋ እንፋሎቱ ከራሱ ግፊት የሚበልጥ ግፊት በውሃው ላይ ያሳርፋል፤ ሰበቃውም ቢበዛ ይወጣዋል። ምቱ 20 ሚሊ ሜትር በመሆኑ በአንድ ሙሉ ዙር አራቱ ምቶች ወደ 9 ሚሊ ሊትር ውሃ ይገፋሉ። በስሌት የሚፈጀው እንፋሎት በክብደት ከውሃው አንድ መቶኛ እንኳ አይሞላም፤ በተግባር ግን ትንንሾቹ ሲሊንደሮች ከይዘታቸው አንጻር ሰፊ ገጽ ስላላቸው ብዙው እንፋሎት ግድግዳው ላይ ውሃ ሆኖ ይቀራል። በዚህ ላይ ቫልቩ እስከ ምቱ መጨረሻ ክፍት ስለሚሆን እንፋሎቱ ተለጥጦ የመሥራት ዕድል አያገኝም። ሲሊንደሮቹን በሙቀት መከላከያ ጠቅልሎ በቀጭን እንጨት መሸፈን ልዩነቱን በግልጽ ያሳያል። እንፋሎት መቆጠብ ዋና ዓላማው የሆነ ሰው ግን ይህን ፓምፕ ባይመርጥ ይሻለዋል።

ከሥራው ይልቅ ዕረፍቱ ይጎዳዋል ብል ማጋነን አይሆንም። ሳይደርቅ የተተወ ፓምፕ የቫልቭ መቀመጫው ላይ ጨው መሰል ቅርፊት ያበጃል፤ ኳሶቹም ይጣበቃሉ። ስለዚህ ቦይለሩ ገና ትኩስ እያለ የውሃውን ክፍል ማፍሰሻ ከፍቶ ጥቂት ምት በባዶ ማሠራት፣ ከዚያም በእንፋሎቱ በኩል ዘይት ማስገባት ያስፈልጋል።

ኪቱ ስለ ቦይለር የሚናገረው አጭርና በቂ ያልሆነ ነው። ፓምፑ የሚገናኝበት ቦይለር አስቀድሞ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ከሥራ ግፊቱ በእጥፍ መፈተን አለበት፤ በአየር መፈተን ግን አደገኛ ነው፣ ምክንያቱም የታመቀ አየር ቦይለሩ ቢሰነጠቅ በኃይል ይፈነዳል፣ ውሃ ግን እምብዛም ስለማይታመቅ ግፊቱ ወዲያው ይወርዳል። በቦይለሩና በፓምፑ መካከል ራሱን የቻለ ሌላ የመመለሻ መከላከያ ቫልቭ ማስገባትም የፓምፑ ኳሶች ቢከዱ የፈላ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመጣ ያደርጋል።

እስካሁን የመልበስ ምልክት ያየሁት በክንዶቹ ፒኖች ላይ ብቻ ነው፤ ቀዳዳዎቹ ትንሽ ሞላላ መሆን ስለጀመሩ የተስተካከለው ክፍተት በዚያው መጠን ሰፍቷል። በሚቀጥለው ጥገና ቀዳዳዎቹን አስፍቼ የነሐስ ቡሽ (ፒኑ የሚያርፍበት ቀለበት) አስገባለሁ፤ ፒኖቹንም ከጠነከረ ብረት እቀይራቸዋለሁ። ኪቱን አሁን የሚጀምር ሰው ይህን ሁሉ ገና ክንዶቹን ሲበሳ ቢያደርገው ፓምፑን ለዚህ ብሎ መፍታት አይኖርበትም።