ሳቢያን ያለው ጋራዥ እና የቢኤሜ ፍሬን ሸራ

ድሬዳዋ ውስጥ የባጃጅ ፍሬን የሚሠራ በየጥጉ አለ። ለቢኤምደብሊው ግን እጁን የምታምኑት መካኒክ ማግኘት ከባድ ነው። እኔ ሳቢያን አካባቢ አንድ አግኝቻለሁ።

መኪናዬ 330 አይ ናት፣ ኢ90 የሚባለው ሞዴል። ሐረር ቤተሰብ ስላለኝ ደንገጎን እመላለስበታለሁ። ያ ቁልቁለት ሸራ ይበላል፤ በተለይ ማርሽ ሳይቀንስ ፍሬን ላይ ቆሞ የሚወርድ ሰው። ዳሽቦርዱ ላይ የፍሬን ማስጠንቀቂያ መብራቷ ስትበራ ወሰድኳት።

መካኒኩ የፊት ጎማውን ፈትቶ አሳየኝ። የውጪው ሸራ ገና ደህና ነው። የውስጡ ግን ብረት ሊነካ ምንም አልቀረው። ካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) የሚንሸራተትባቸው ፒኖች በአቧራ ደርቀው ነበር። "አቦ፣ ይሄን ሳላጸዳ አዲስ ብገጥምልሽ ቶሎ ተመልሰሽ ትመጫለሽ" አለኝ። አጸዳ፣ ግሪስ ቀባ። ዲስኩን ለካና አይቀየርም አለ። ሌላው ቢሆን አስቀይሮኝ ነበር።

ሸራ ማለቁን አውቆ መብራቱን የሚያበራው ሴንሰር ያለው ከፊት በግራ፣ ከኋላ በቀኝ ጎማ ብቻ ነው። ስለዚህ መብራት ባይበራም ሌሎቹን ማሳየት ደግ ነው። የሴንሰሩ ሽቦ አንዴ ከተበላ ሴንሰሩም ከሸራው ጋር አብሮ ይቀየራል። እነሱ ጋ አልነበረም፣ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ጠበቅኩ።

ሲያስረክበኝ "ሸራው ከዲስኩ ጋር እስኪላመድ ድንገት አትያዢ" ብሎኛል።

ቅሬታዬ ሰዓታቸው ነው። ጠዋት ሂዱ። ከምሳ በኋላ በርጫ ነው፣ ቀና ብሎ የሚያያችሁ የለም። ዋጋቸውም አይረክስም፣ ግን ደረሰኝ ይሰጣሉ፤ አሮጌውን ሸራም በእጃችሁ ያስረክቧችኋል።