የኳድ የኋላ አሞርዛተር በስንት ሰዓቱ ይከፈት? የ18 ወር ልምዴ

ኳዱን፣ ማለትም ባለ አራት ጎማ ሞተር ብስክሌቴን፣ የገዛሁት በጥቅምት 2016 ነው። ያገለገለ፣ ባለ 400 ሲሲ፣ ኋላው በአንድ ትልቅ አሞርዛተር (የመንገዱን ንጥረት የሚያበርድ ዕቃ) ላይ ያረፈ። ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ በግ አደልባለሁ። በጎቹን የምገዛው ከመንዝ ገበያዎች ነው፤ አንዳንዴም በአንኮበር በኩል ወደ አልዩ አምባ እወርዳለሁ። ከኋላ ትንሽ ፖርቶ መጋላ አስበይጄበታለሁ። ስለዚህ የኔ አሞርዛተር ሰው ብቻ አይደለም የሚሸከመው፤ ፉርሽካም ይጫንበታል።

ሞተሩ አላስቸገረኝም። ፍሬኑም ደህና ነው። ብዙ ያስተማረኝ የኋላው አሞርዛተር ስለሆነ ስለሱ ልጻፍ፦ ስንት ሰዓት ከተነዳ በኋላ ተከፍቶ መታደስ እንዳለበት።

በገዛሁ ቀን አንድ ጥሩ ነገር አደረግኩ። ገመዱ ካንዴላ ገመድ ላይ የሚጠመጠም ሞተሩ የሠራበትን ሰዓት የሚቆጥር ትንሽ ቆጣሪ አሰርኩ። ኪሎ ሜትር ለዚህ ሥራ አይረባም። በአስፋልት 40 ኪሎ ሜትር መሄድና በመንዝ ኮረኮንች 40 ኪሎ ሜትር መሄድ ለአሞርዛተር አንድ አይደለም። ኮረኮንቹ ላይ ያንኑ ርቀት ስትሄድ ብዙ ሰዓት ትፈጃለህ፤ የአሞርዛተሩ ዘንግም ያን ሁሉ ሰዓት ሲገባና ሲወጣ ይውላል።

ቆጣሪ ማሰሩ ብቻ ግን አልበቃኝም። ቁጥሩን እያየሁ ዝም አልኩ።

በመጀመሪያው ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ ከመሐል ሜዳ ስመለስ ኋላው እንደ ኳስ ይነጥር ጀመር። አንድ ጉድጓድ ስመታ ሁለት ሦስት ጊዜ ይወዛወዛል። ጎማው ነው ብዬ አየር ቀነስኩ። ሞላው ላልቶ ይሆናል ብዬ አጠበቅኩት። ይሄኛው ስህተቴ ከባድ ነበር። ሞላው ክብደት ይሸከማል እንጂ ንዝረት አያበርድም። የሚያበርደው ውስጥ ያለው ዘይት ነው፤ በጠባብ ቀዳዳዎች እየተጨነቀ ሲያልፍ የሞላውን ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ዘይቱ ሲደክም ሞላውን ማጥበቅ ንጥረቱን ያብሰዋል።

ደብረ ብርሃን ያለው መካኒኬ ሽማግሌ ነው። በሁለት መዳፉ ኮርቻውን ተጭኖ ለቀቀው። ኋላው ወጣ፣ ወረደ፣ እንደገና ወጣ።

«ልጄ፣ የቀረህ ሞላ ብቻ ነው» አለኝ።

«ዘይት ሲያፈስ አላየሁም እኮ ጋሼ።»

«ሳያፈስም ይሞታል።»

ቆጣሪው 118 ሰዓት ይላል። አሞርዛተሩን ፈትቶ ሰጠኝ፤ በሚኒባስ ይዤው አዲስ አበባ ወረድኩ። የመጀመሪያው ጋራዥ ናይትሮጅን የለንም፣ የኮምፕሬሰር አየር ይበቃዋል አሉኝ። አመስግኜ ወጣሁ። አየር እርጥበት አለው፤ ዘይቱንም ብረቱንም ያበላሻል። ናይትሮጅን ደረቅ ነው፤ 10 ባር ገደማ ይሞላና ዘይቱ አረፋ እንዳይሠራ ጫና ያሳድርበታል። አረፋ የገባበት ዘይት ደግሞ ምንም አይዝም።

ሁለተኛው ቦታ ባለሙያ አገኘሁ። መጀመሪያ ጋዙን አስተነፈሰ። ይህን እቤት ለመሞከር የምታስቡ ካላችሁ አደራ፣ ጋዙ ሳይወጣ እንዳትነኩት፤ ሰው ይጎዳል። ከዚያ ዘይቱን በግማሽ በተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ ገለበጠው። የቡና አተላ ነው የሚመስለው፣ ጥቁር። ፀሐይ ላይ ሳዘነብለው ከታች የብረት ብናኝ አብለጨለጨ። ዘንጉን ጠርጎ «ጥፍርህን አስኪደው» አለኝ። ወደ መሃሉ ስደርስ ጥፍሬ ያዝ አደረገኝ። ክሮሙ ተጭሯል።

ያን ያደረገው የኛ መረሬ ነው። ክረምት ጭቃው ዘንጉ ላይ ይለጠፋል፤ ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። ፓራዮሊው (ዘንጉ የሚወጣበት ላይ ዘይቱን የሚያግደው ጎማ) ካረጀ አሸዋውን ያስገባል፤ ዘንጉ ይጫራል፤ የተጫረው ዘንግ ደግሞ አዲሱንም ፓራዮሊ ይበላል። ዘንጉን መቀየር ግድ ሆነ። ዘይት፣ ፓራዮሊና ቦኮላ (ሰበቃ የሚችለው ቀለበት) አንድ ላይ የዘንጉን ዋጋ ሩብ አልሞሉም። በጊዜው ብከፍተው ኖሮ ያቺን ሩብ ብቻ ከፍዬ እመለስ ነበር።

በየካቲት፣ ከ45 ሰዓት በኋላ፣ ምንም ምልክት ሳላይ እንደገና አስከፈትኩት። ዘይቱ ቡናማ ሆኗል እንጂ አልጠቆረም። ዘንጉ ንጹህ ነው። ፓራዮሊውና ዘይቱ ብቻ ተቀየሩ። መልሴን ያገኘሁት ያኔ ነው፦ ለኔ መንገድና ለኔ ጭነት 50 ሰዓት። የተለመደው ምክር ለውድድር ከ20 እስከ 40 ሰዓት፣ ለመዝናኛ ከ50 እስከ 100 ሰዓት ወይም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ጭነት የማትጭኑ፣ ቅዳሜና እሁድ ብቻ የምትነዱ ከኔ ልታራዝሙት ትችላላችሁ። ክረምት ጭቃ ውስጥ የምትውሉ ግን ወደ ታችኛው ቁጥር ጠጋ በሉ።

የሀገራችንን አየርም አትርሱ። ኅዳር ላይ ውርጭ ባደረበት ጠዋት ዘይቱ ይወፍራል፤ ኋላው ለትንሽ ጊዜ እንጨት ነው። ያ ብልሽት አይደለም፣ ቀስ ብላችሁ አሙቁት። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ስትወርዱ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ታች ደርሼ የአሞርዛተሩን ገላ ስነካው እጄን ማቆየት አልቻልኩም። እንዲህ የጋለ ዘይት ይቀጥናል፣ መያዙም ይቀንሳል። አሁን መሃል ላይ ቆሜ አበርደዋለሁ፤ ቁልቁል ያለውን ሸለቆ እያየሁ ውሃ እጠጣለሁ። በጓሳ በኩል ሳልፍም ከመንገዱ አልወጣም፤ ሣሩ የጭላዳና የቀይ ቀበሮ ቤት ነው።

እጥበት ላይ የግፊት ውሃውን ፓራዮሊው ላይ አታነጣጥሩ። በባልዲና በጨርቅ ዘንጉን መጥረግ ሁለት ደቂቃ ነው፤ ከእያንዳንዱ የጭቃ ጉዞ በኋላ አደርገዋለሁ።

ለመግዛት ካሰባችሁ አሞርዛተሩ የሚከፈት መሆኑን አስቀድማችሁ እዩ። የጋዝ ቫልቭ ካለውና ክዳኑ በቀለበት ከተያዘ ይከፈታል። ዙሪያውን የተበየደ ከሆነ ሲሞት ሙሉውን መግዛት ነው። የኔው የሚከፈት ባይሆን ኖሮ በዚህ መንገድ ኳድ መያዝ አያዋጣኝም ነበር።

ይህን ስጽፍ ሚያዝያ ነው፤ ካለፈው እድሳት ወዲህ 21 ሰዓት ነድቻለሁ። 50 ባይሞላም ሰኔ ከመግባቱ በፊት አወርደዋለሁ። ፓራዮሊው ተገዝቶ መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጧል።